በጋሽ ሽብሩ ወንበር የተቀመጠው ሰው

ይህ ነገር የገጠመኝ ዓምና፣ ዐቢይ ጾም ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ነው። አውሮፕላን በሰማይ ሲያልፍ በሰማሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ አንዳንዴ ገበያ መሐል ቆሜ ብቻዬን እስቃለሁ። የሚያየኝ ሰው ምን ነካው ሳይል አይቀርም።

የደብረ ብርሃን ሰው ነኝ፤ ሥራዬ የበግ ንግድ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ የማውቀው መንገድ ከመዘዞና ከሰላ ድንጋይ ገበያ በግ ጭኜ የምመለስበትን ነው። አውሮፕላን ከጭንቅላቴ በላይ ሲያልፍ ከማየት በቀር ውስጡ እገባለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ያስገባኝ የእህቴ ልጅ ታምራት ነው። አባቱ በልጅነቱ ስለሞተበት እኔ ነኝ እንደ አባት ሆኜ ያሳደግሁት። አሁን ከተማችን ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ዩኒቨርሲቲ እያለ የተዋወቃትን ሰናይት የምትባል የድሬዳዋ ልጅ ላገባ ነው ሲለን ደስ አለን። እህቴ ግን ቸኮለች። "መንገዱ ሩቅ ነው፣ ሽማግሌ ማንከራተት ምን ያደርጋል" ብላ ለልጅቷ አባት ስልክ ደወለችላቸው። በቅንነት ነው፤ ክፋት የለባትም።

ሰውየው አቶ ግርማ ይባላሉ። ጨርሳ እስክትናገር ዝም ብለው ሰሟት። ከዚያ "እመቤት፣ እኔ ልጅ በስልክ አልድርም። ሰው ካላችሁ ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሽማግሌ ደጄ ላይ ይቁም። ሰው ከሌላችሁ ግን ነገሩ እዚህ ላይ ይብቃ" አሏትና ዘጉት።

እህቴ ስልኩን እንደያዘች ማልቀስ ጀመረች። ታምራት ፊቱ አመድ መሰለ። ሰናይትም ማታውን ደውላ "አባቴ አንዴ ከተናገረ አይመለስም፤ ቅዳሜ ካለፈ አለቀልን" አለችው። ያኔ ነው ነገሩ ቀልድ እንዳልሆነ የገባኝ።

ሦስት ሰው መረጥን። አንዱ አጎትየው እኔ ነኝ። ሁለተኛው የታምራት የንስሐ አባት፣ የአንኮበሩ መምሬ ወልዴ ናቸው። ሦስተኛው ጎረቤቴ ጋሽ ሽብሩ ነው። እውነቱን ለመናገር ዋናው እሱ ነው። ጋሽ ሽብሩ ሲናገር ድንጋይ ያለሰልሳል፤ ስንት የተጣላ አስታርቋል፣ ስንት እምቢ ያለ አባት እሺ አሰኝቷል። እኔና መምሬ ለማጀብ ነው የምንሄደው ማለት ይቻላል። ታምራት ራሱ አብሮን አይሄድም፤ በእኛ ወግ ሽማግሌ ሲላክ ልጁ ከሽማግሌ ጋር ደጅ አይቆምም።

በመኪና እንሂድ ብንል ቀኑ አጥሮብን ቅዳሜ ጠዋት የሚያደርሰን አልነበረም። ታምራት የአውሮፕላን ትኬት ቆረጠልንና ስልኩ ላይ ካርታ አውጥቶ አሳየን። "በመኪና እየዞሩ የሚሄዱትን በአየር ቀጥ ብሎ ነው የሚያቋርጠው። ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ አንድ ሰዓት ገደማ ነው" አለ።

"አንድ ሰዓት?" አልኩት። "እኛ እኮ ከዚህ አዲስ አበባ እንኳ በአንድ ሰዓት አንደርስም!"

መምሬ ካርታውን ትክ ብለው አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። "አያቴ ከሲራራ ነጋዴ ጋር ከአንኮበር ሐረር በበቅሎ ሲወርዱ ሳምንታት ይፈጅባቸው ነበር። ተናዘው ነው ከቤት የሚወጡት። አንድ ሰዓት! ቅዳሴ እንኳ አያልቅበትም እኮ" አሉ።

ዓርብ ዕለት በጉም ውስጥ እየተንፏቀቅን አዲስ አበባ ገባን። ቅዳሜ ማለዳ ታምራት አውሮፕላን ማረፊያ አደረሰን። እኔ የደብረ ብርሃን ሰው አይደለሁ፣ ካቦርቴን ደርቤ ጋቢዬን ከላይ ጣል አድርጌያለሁ። መምሬ ነጭ ጥምጥማቸውን ጠምጥመዋል። ፍተሻው ላይ መስቀላቸው ጮኸ። ፈታሹ ወጣት "አባ፣ እሱን እዚህ ሳህን ላይ ያድርጉልኝ" አላቸው፤ አደረጉለት። በማሽኑ አልፎ ሲወጣ ራሱ በሁለት እጁ አንስቶ ሰጣቸውና ተሳለመ። እንዲህ ከሆነስ መንገዳችን ቀና ነው አልኩ በልቤ።

ምን ቀና ነው! ትኬት የምታየው ልጅ ጋ ስንደርስ ጉድ ፈላ። የእኔን አየች፣ የመምሬን አየች። የጋሽ ሽብሩን መታወቂያ ስታይ ግን ቆመች።

"አባቴ፣ ትኬቱ የሽብሩ ነው። መታወቂያው ላይ ግን ስምዎ አሰፋ ነው።"

"ልጄ፣ ሁለቱም እኔው ነኝ" አላት ጋሽ ሽብሩ። "አሰፋ የመታወቂያ ነው። ሽብሩ እናቴ ያወጣችልኝ የቤት ስሜ ነው።"

ወይ ጉድ! ልጆቻችን አብረው ያደጉ ጎረቤቴ ነው፤ አሰፋ መባሉን የሰማሁት ገና ያን ጊዜ ነው። እድር ሲጠራው ሽብሩ፣ ልቅሶ ቤት ሽብሩ፣ ሚስቱ ስትቆጣው እንኳ ሽብሩ። ታምራትስ ትኬቱን ሲቆርጥ ምን ብሎ ይጠይቀው? ጋሽ ሽብሩን ስምህ ማነው የሚል ሰው ደብረ ብርሃን ውስጥ የለም።

"ደብረ ብርሃን ሄደሽ አሰፋን አሳዩኝ ብትዪ ማንም አያሳይሽም" እያለ ለመናት። ልጅቷ ልታለቅስ ምንም አልቀራት። "አባቴ ይቅርታ፣ ሕግ ነው። አዲስ ትኬት እንዳልቆርጥልዎት አውሮፕላኑ ሞልቷል፣ ተጠባባቂም አለ" አለችው። ከሰዓት በኋላ ያለው ደግሞ ለእኛ ምን ያደርጋል? አቶ ግርማ ያሉት ጠዋት ነው።

መምሬ ባሉበት ደርቀው ቀሩ። "ሦስት ብለዋል እኮ ሰውየው። በሥላሴ ስም ሦስት ሆነን ነው የምንቆመው። ለሁለት ምን ብለን እንቆማለን?"

"ሂዱ!" አለ ጋሽ ሽብሩ። "ሁለት ከዜሮ ይሻላል። እኔ ከታምራት ጋር እዚሁ እጠብቃለሁ። መልሱ እስኪመጣ ውሃም አልቀምስ። እናንተም እንዳትቀምሱ፤ ነግሬያለሁ።" ድምፁ ሊሰበር ሲል ፊቱን አዞረ።

ውስጥ ገብተን ተቀመጥን። መምሬ በመስኮቱ በኩል፣ እኔ መሐል። ከእኔ ቀጥሎ ያለው የጋሽ ሽብሩ ወንበር ባዶ ነው። በሩ ሊዘጋ ሲል አንድ ሸምገል ያለ ሰው እያለከለከ ገባ። ነጭ ቆብ አድርጓል፣ ጺሙ በሂና ቀልቷል። ቀጥ ብሎ መጣና እዚያው ወንበር ላይ ዘፍ አለ።

"አልሐምዱሊላህ! ተጠባባቂ ነበርኩ አቦ። አንድ ሰው ቀርቶ ነው ያስገቡኝ። አላህ ያንን ሰው ይባርከው!"

እኔ ቁጡ ነኝ፤ የሚያውቀኝ ያውቀኛል። "የቀረውን ሰው እኔ አውቀዋለሁ። ወዶ አይደለም የቀረልህ!" አልኩት።

ሰውየው ደንገጥ ብሎ ዞረና "ምን ሆኖ ነው?" አለኝ። ያዘነ ፊቱን አይቼ ቁጣዬ በረደ፤ ከስልኩ ጀምሬ ሁሉንም ነገርኩት። ስሙ ዩሱፍ ነው። ድሮ በባቡር ሲሠራ የኖረ የድሬዳዋ ሰው ነው፤ አዲስ አበባ ያለች ልጁን ጠይቆ መመለሱ ነበር። ስነግረው አንዴም አላቋረጠኝም። አውሮፕላኑ ተንደርድሮ ተነሣ፤ እኔ የወንበሩን እጀታ ጨምድጄ ይዤ እንኳ ወሬዬን አላቆምኩም። አስተናጋጇ በድምፅ ማጉያ በረራው አንድ ሰዓት ያህል እንደሚፈጅ ተናገረች።

ስጨርስ ዩሱፍ የተቀመጠበትን ወንበር መታ መታ አደረገው።

"ይሄ የሽማግሌያችሁ ወንበር ነው፤ የያዝኩት እኔ ነኝ። ወንበሩን ይዤ ሥራውን ብተው ነውር አይደል? ሦስተኛው እኔ እሆናለሁ።"

ወደ መምሬ ዞርኩ። ቄስ ናቸው፣ ምን ይሉ ይሆን ብዬ ፈራሁ። እሳቸው ጺማቸውን ዳበሱና "ሽምግልና የሰው ነው። ከአንኮበር ሥር ካሉት ሙስሊም አርጎባዎች ጋር እኛ ለዕርቅ አብረን ነው የምንቆመው። እግዚአብሔር ይስጥህ ልጄ" አሉት።

"አሚን። እንግዲህ አንተ አባ፣ ስለ ልጁ ንገረኝ" አላቸው።

አንተ! መምሬን! እኔ በድንጋጤ ሳልኩ። ዩሱፍ ገባውና ሳቀ። "ድሬ ላይ አንቱ የለም አቦ፤ የምንወደውን ሁሉ አንተ ነው የምንለው። ባቡር ቢሆን ኖሮ ቀኑን ሙሉ እናወራ ነበር። አሁን ያለን አንድ ሰዓት ነው፤ ጀምሩ!"

ጀመርን። ታምራት እንዴት እንዳደገ፣ የእናቱን ቤት ቆርቆሮ እንዴት በገዛ እጁ እንደቀየረ፣ መጠጥ እንደማይወድ ዘረዘርኩለት። ዩሱፍ ሰማኝና "ጥሩ። አሁን ነውሩን ንገረኝ" አለ።

"ነውር የለበትም!"

"የማን ልጅ ነው ነውር የሌለበት? እኔ ሳላውቀው እንዴት ደጅ እቆምለታለሁ?"

ሃያ በግ አሰልፌ ብሸጥ የአንዱንም ጉድለት አልናገርም፤ ገዢው ራሱ ዓይን አለው። ይሄ ግን ከበግ ገበያ የከበደ ሆነብኝ። መምሬ ቀደሙኝ። "ኩርፊያ ያበዛል" አሉ። "ሲከፋው አይሳደብም፣ አይማታም፤ ግን አፉን ይዘጋል። እናቱን አንድ ሰሞን በዝምታ ሊገድላት ነበር፤ ቤት ድረስ ሄጄ ነው የገሠጽኩት።" እኔም አፌ ተከፈተና እልኸኛነቱን ጨመርኩ። ዩሱፍ ራሱን እየነቀነቀ ሰማ።

"በሩ ላይ የልጁ አባት ወዳጅ ነበርኩ በል" አልኩት ዝቅ ባለ ድምፅ። መምሬ በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ። ዩሱፍ ግን "ተወው አቦ፤ የምለውን እዚያ ስንደርስ አውቃለሁ" ብቻ አለኝ። ይሄ መልሱ ሰላም ነሣኝ።

አስተናጋጇ ውሃና የታሸገ ዳቦ ይዛ መጣች። ርቦኝ ነበር፤ እጄን ልዘረጋ ስል መምሬ በዓይናቸው ያዙኝ። "ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀምስም ልጄ፣ ተባረኪ" አሏት። ዩሱፍም ውሃውን ሊቀበል የዘረጋውን እጁን መለሰ።

"አንተ እንኳ ጠጣ" አልኩት።

"ሦስተኛው ነኝ አላልኩህም?"

ያን ጊዜ ነው ይሄን ሰውዬ የወደድኩት።

ደመናው ሲከፈት መምሬ ግንባራቸውን መስኮቱ ላይ ለጠፉ። ከታች ቡናማ ሜዳ ተዘርግቷል፤ ጭው ያለ ቆላ። "ይሄ ምን አገር ነው?" አሉ። ዩሱፍ በእኔ ላይ አንገቱን አስግጎ አየና "የአዋሽ በረሃ ነው" አላቸው።

"በስመ አብ! አንኮበር ገደል አፋፍ ቆሜ ዕድሜ ልኬን ቁልቁል ሳየው የኖርኩት ቆላ! መጨረሻው የት ይሆን እያልኩ ነው ያደግሁት።"

"እኛ ደግሞ ከባቡሩ ላይ ሆነን የእናንተን ተራራ ሽቅብ ስናይ ነው የኖርነው" አለ ዩሱፍ። "ምን ዓይነት ሰው ይኖርበት ይሆን እንል ነበር።"

ሁለቱም አብረው አዩ። እኔም አየሁ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ የአያቶቻችን በቅሎ እያለከለከች ስንት ሌሊት ያደረችበት ምድር በእኛ ሥር እንደ ምንጣፍ እየተጠቀለለ ሲያልፍ ማየት ያስደንቃል። የሰው ልጅ ምን የማይሠራው አለ? መምሬ ሳያቋርጡ ያማትቡ ነበር። ገና አይተን ሳንጠግብ ልንወርድ ነው ተባለ።

ድሬዳዋ ስንወርድ ሙቀቱ ፊቴን በጥፊ መታኝ። ካቦርቴን ላውልቅ ስል መምሬ "ሽማግሌ እንዲህ ሜዳ ላይ አይገላለጥም" አሉኝ። ዩሱፍ ቤቱ አልሄደም፤ ሻንጣውን እንደያዘ ባጃጅ ጠርቶ ከዚራ ወደሚባለው ሰፈር፣ ዛፍ ጥላ ወዳጠላበት መንገድ ወሰደን። የአቶ ግርማ ደጅ ላይ ሦስት ሆነን ቆምን። ላቤ እስከ ተረከዜ ይወርዳል።

በሩ ተከፈተ። አቶ ግርማ ረጅም፣ ፊታቸው የማይፈታ ሰው ናቸው። "ግቡ" አሉን።

"የመጣንበት ጉዳይ አለን፤ ሳይፈጸምልን አንገባም" አሉ መምሬ። ጋሽ ሽብሩ ቢኖር የሚናገረውን ሁሉ እሳቸው በአጭሩ ተናገሩት፤ ልጅዎን ለልጃችን ስጡን አሉ።

አቶ ግርማ አንድ በአንድ አዩን። "እርስዎ የልጁ ምኑ ነዎት?"

"የንስሐ አባቱ ነኝ።"

"እርስዎስ?"

"አጎቱ ነኝ።"

ዩሱፍ ጋ ሲደርሱ ዓይናቸው ጠበብ አለ። "አንተ የዚሁ የድሬ ሰው ነህ። የልጁ ምኑ ነህ?"

"ምኑም አይደለሁም" አለ ዩሱፍ። "ልጁን አይቼው አላውቅም። እነዚህን ሰዎች የማውቃቸው ከአዲስ አበባ እዚህ ድረስ ባለው በረራ ነው። አንድ ሰዓት ነው።"

አበቃ፣ ታምራትዬ ጉድ ሆንክ አልኩ በሆዴ። አቶ ግርማ ፊታቸው ጠቆረ።

ዩሱፍ ግን አልጨረሰም። "ሦስተኛው ሽማግሌያቸው በመታወቂያ ስሙ ምክንያት ቦሌ ቀረባቸው፤ ወንበሩ ላይ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ግርማ፣ በዚያች አንድ ሰዓት ያየሁትን ልንገርህ። ውሃ ሲቀርብላቸው ጠምቷቸው እያየሁ ለአንተ ክብር ብለው አልቀመሱም። ልጁን አመስግነው አልጠገቡም፤ ያም ሆኖ ነውሩን ስጠይቃቸው ደግሞ አልደበቁኝም። ኩርፊያ ያበዛል፣ እልኸኛ ነው አሉኝ። ለማያውቁት መንገደኛ የልጃቸውን ነውር የነገሩ ሰዎች ለአማቻቸው አይዋሹም። እኔም ሴት ልጅ አለችኝ። እንዲህ ያሉ ሰዎች ደጄ ቢቆሙ እሰጣለሁ።"

ደጁ ላይ ካለው ዛፍ የወፍ ድምፅ ይሰማል። ከዚያ ከመጋረጃው ጀርባ አንዲት ሴት ሳቀች፤ የሰናይት እናት ናቸው። "ኩርፊያ ነው ያሉት? ታዲያ የእኛዋ ሰናይትስ መች ታንሰዋለች? አባቷም ያው ናቸው!"

አቶ ግርማ ሊቆጡ ሞከሩ፤ አልቻሉም። የተቋጠረ ፊታቸው ቀስ እያለ ተፈታ። "ሰው ካላችሁ ላኩ ብዬ ነበር። እናንተ አገር ሰው ከሰማይ ነው እንዴ የሚወርድላችሁ?" አሉና በሩን ወለል አድርገው ከፈቱት። "ግቡ። ልጄን ሰጥቻለሁ።"

መምሬ መስቀላቸውን አንስተው መረቁ፤ ዩሱፍ ሁለት እጁን ዘርግቶ አሚን አለ። እኔ አለቀስኩ፤ አላፍርበትም። ካቦርቴንም እዚያው በረንዳው ላይ አውልቄ ጣልኩት።

ታምራት ጋ ስንደውል ስልኩን ያነሣው ጋሽ ሽብሩ ነው። "ሰጡን!" አልኩት። መጀመሪያ እልል አለ፤ በወንድ ድምፅ። ቀጥሎ ከስልኩ ራቅ ብሎ "ታምራት፣ በል አሁን ሻይ በዳቦ እዘዝልኝ!" ሲል ሰማሁት። ሰርጉ ላይ ከዩሱፍ ጋር ሲተዋወቁ "ወንበሬን የወሰድከው አንተ ነህ?" ብሎ አቅፎት ቆየ።

ይሄን ሁሉ አሁን መጻፌ ያለ ምክንያት አይደለም። ባለፈው ሳምንት ዩሱፍ ደወለልኝ። ወንድ ልጁ ጅማ ያለች ልጅ ወድዷል፣ ሽማግሌ ሊልክ ነው።

"ወንድሞችህ አሉ፣ ጎረቤቶችህ አሉ" አልኩት። "ድሬ ሙሉ ሰው አለህ እኮ።"

"ሰው ሞልቶኛል" አለኝ። "ሦስተኛው ግን አንተ ነህ።"

ስልኩን ዘግቼ በጎቹ መሐል ትንሽ ጊዜ ቆምኩ። እንዲህ ያለ ክብር በዘመኔ አግኝቼ አላውቅም። ትኬቱን ቆርጫለሁ፤ ስሜን ከመታወቂያዬ ጋር ራሴ አስተያይቻለሁ፤ ካቦርቴም ቤት ይቀራል።

ሚስቴ ትናንት "ለመሆኑ ልጁን ታውቀዋለህ?" አለችኝ። በደንብ አላውቀውም፤ ሰርግ ላይ አንዴ ሰላም ብሎኛል። በዚያ ደጅ ቆሜ የልጁ ምኑ ነህ ስባል ምን እንደምል ሳስብ ሰነበትኩ። አሁን ግን አውቄዋለሁ። እኔና አባቱ አንድ ሰዓት በአውሮፕላን አብረን ተጉዘናል እላለሁ።